ሁለት ሳብዉፈር በመጅሊስ ሳሎን፦ እስካሁን የደረስንበት

ድሬዳዋ ውስጥ ብዙ ሳሎን መጅሊስ ነው፤ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ዙሪያውን ይቀመጣል። አንድ ሳብዉፈር (ዝቅተኛውን ድምፅ፣ ማለትም ቤዙን፣ የሚያወጣ ስፒከር) ብቻ ሲሆን ጥግ ያለውን ቤዙ ያፍነዋል፣ መሃል ያለው ደግሞ እምብዛም አይሰማውም። ሁለተኛው የሚጨመረው ይህን ልዩነት ለማጥበብ እንጂ ለጩኸት አይደለም።

5 በ4 ሜትር የሆነ የብሎኬት ክፍል እንውሰድ። በድሬ ሙቀት ድምፅ በሰከንድ 349 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ይህ ለርዝመቱ እጥፍ ሲካፈል 35 ኸርዝ (በሰከንድ 35 ንዝረት)፣ ለወርዱ እጥፍ 44 ኸርዝ ይሆናል፤ ክፍሉ ከሁሉ ዝቅ ብሎ የሚያስተጋባው እነዚህን ነው። ሳብዉፈሮቹ በሁለቱ አጫጭር ግድግዳዎች መሃል ፊት ለፊት ሲቀመጡ በ35 አንዱ የሌላውን ግፊት ይሽራል፤ 44 ደግሞ ከወርዱ መሃል አይቀሰቀስም። በር መሃሉን ከያዘው ሰያፍ ጥጎችን ተጠቀሙ፤ ሆኖም ያኔ ርዝመቱና ወርዱ አብረው በሚያስተጋቡት 56 ኸርዝ አካባቢ እብጠት (ጎልቶ የሚሰማ ቤዝ) ይቀራል።

ሁለቱም አንድ ሞዴል ይሁኑ። ሳጥኑ ቀዳዳ ያለውና ድፍኑ ከተቀላቀሉ ዝቅ ባለው ቤዝ ላይ እኩል አይገፉም። የኤሌክትሪክ ገመዳቸው ከአንድ ማከፋፈያ ይውጣ፣ አለበለዚያ የ50 ኸርዝ እምምታ ይገባል። ከዚያ 50 ኸርዝ ድምፅ አጫውታችሁ የድምፅ መለኪያ አፕ ያለበትን ስልክ ከእያንዳንዱ 30 ሳንቲሜትር ላይ በመያዝ ንባቡን እኩል አድርጉ። ፌዝ (የሳብዉፈሩን ንዝረት ከሌሎቹ ጋር የሚያገጣጥመው ማስተካከያ) ሁለቱም 0፣ ክሮስኦቨሩ (ከእሱ በታች ያለው ድምፅ ወደ ሳብዉፈር የሚሄድበት ወሰን) ከሪሲቨሩ፣ ማለትም ከዋናው አምፕሊፋየር፣ 80 ኸርዝ። ለአንድ መቀመጫ ሲባል አንዱን ብቻ ማዘግየት ግን ሥራውን ሁሉ ያፈርሰዋል፤ መሻሻሩ የሚሠራው አብረው ሲነሱ ብቻ ነው።

አሁን ከ25 እስከ 90 ኸርዝ ድምፅ እያጫወታችሁ በየመቀመጫው ለኩ። የስልክ ማይክ ዝቅተኛውን ቤዝ አሳንሶ ቢያነብም፣ ስልኩ አንድ እስከሆነ ድረስ በመቀመጫዎች መካከል ያለው ልዩነት ትክክል ነው። መስኮት ከፍታችሁ የምታዳምጡ ከሆነ ስትለኩም ይከፈት። ሁሉም ጋ የሚያብጠውን በኢኳላይዘር (የየኸርዙን መጠን መቀነሻና መጨመሪያ) ቀንሱ፤ ጉድጓዱን (ድምፁ የሚወርድበትን ኸርዝ) ግን ለመሙላት አትሞክሩ፣ 10 ዲሲቤል መጨመር የአምፕሊፋየሩን ኃይል 10 እጥፍ ይጠይቃል። በልኬቱ መሃል የችፑድ ኮርኒስ መንቀጫቀጥ ከጀመረ የሙከራውን ድምፅ ሳታጠፉ እዚያው ኸርዝ ላይ ይዛችሁ የሚንጫጫውን ቦታ በእጅ ፈልጉና በብሎን አጥብቁት።

ቀሪው ችግር የ35 እጥፍ የሆነው 70 ኸርዝ ነው፤ በሁለቱ አጫጭር ግድግዳዎች ያሉት ሁለት ሳብዉፈሮች አይሽሩትም። ቀጣዩ ሙከራ በአራቱም ግድግዳ መሃል አንድ አንድ ማስቀመጥ ነው። የድምፅ ተመራማሪው ቶድ ዌልቲ በ2002 (እ.ኤ.አ.) ባቀረበው ጥናት ከአራት በላይ መጨመር ብዙም ትርፍ እንደሌለው አሳይቷል።