ብርዱን ተዉት፣ ንፋሱን ዝጉት፦ በደጋ መንገድ ሞተር ለሚነዳ

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ገና ሲነጋ፣ ሰንዳፋን አልፎ ወደ ሸኖ የሚነዳ ሞተረኛ ሦስት ሹራብ ደርቦም ጥርሱ ይንገጫገጫል። ሹራብ አንሶት አይደለም። ሹራብ ሙቀት የሚይዘው በክሮቹ መሃል ታምቆ በተቀመጠው አየር ነው። ንፋስ ገብቶ ያንን አየር ጠርጎ ካወጣው አራተኛ ሹራብ መጨመር ወንፊት በወንፊት ላይ መደረብ ነው። ስለዚህ ብርድን የሚያስብ ሞተረኛ መጀመሪያ ንፋስ የማያሳልፈውን አንድ ልብስ ያስብ፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ቁጥሩ እንዲህ ነው። አየሩ 5 ዲግሪ ሆኖ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ብትነዱ፣ የአየር ሁኔታ ባለሙያዎች በሚጠቀሙበት የንፋስ ብርድ ስሌት መሠረት የተገለጠ ቆዳ የሚሰማው ከዜሮ በታች 2 ያህል ነው። አየሩ ራሱ ዜሮ ከሆነ ደግሞ ከዜሮ በታች 9 ይደርሳል። ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ግን ሌላ ነው፦ በዚያው 5 ዲግሪ ፍጥነቱን ከ60 ወደ 80 ብታሳድጉት የሚጨመረው ብርድ አንድ ዲግሪ ቢሆን ነው። ዋናው ጉዳት የሚደርሰው ገና ሞተሩ መሄድ ሲጀምር ነው፤ በ20 ኪሎ ሜትር እንኳ 5ቱ ዲግሪ 1 ሆኖ ይሰማል። «ቀስ ብዬ ልንዳ፣ ይሞቀኛል» ማለት ብዙም አያዋጣም። መንገድ ላይ የምትቆዩበትን ሰዓት ያራዝማል እንጂ። የጫጫ ሜዳ ንፋስ ከፊት ሲገጥም ደግሞ የንፋሱ ፍጥነት በእናንተ ፍጥነት ላይ እንደሚደመር አትርሱ።

ከፍታውም የራሱ ሒሳብ አለው። በየ1,000 ሜትሩ ሽቅብ አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ከሸዋ ሮቢት ቆላ ተነስቶ ጣርማበር የሚወጣ ሰው በአንድ ዳገት ከ10 ዲግሪ በላይ ያጣል። ደብረ ሲና ላይ ቆሞ መልበስ የሚገባውም ለዚህ ነው፤ ጫፍ ላይ ደርሶ፣ ጣት ደንዝዞ ዚፕ መሳብ ሌላ ፈተና ነው። ሰማዩ ጠርቶ ባደረበት ሌሊት ግን ይህ ሒሳብ ይገለበጣል፦ ከባዱ ቀዝቃዛ አየር ወርዶ ሜዳው ላይ ይተኛል፣ ውርጭም የሚጥለው እዚያ ነው። የቀኑ ብርቱ ብርድ ፀሐይ ልትወጣ ስትልና ገና እንደወጣች ነው። አስገዳጅ ጉዳይ ከሌላችሁ 12 ሰዓት ከመነሳት 2 ሰዓት ተኩል መነሳት ከማንኛውም ጃኬት ይበልጣል። በነጻ ነው።

ወደ ልብሱ። ከቆዳ ቀጥሎ የሚለበሰው ጥጥ ባይሆን ይመረጣል። ጥጥ ላብ ይጠጣል፣ ሲረጥብ አየር መያዙን ያቆማል፣ ሻይ ልትጠጡ ቆማችሁ ስትመለሱም እንደ እርጥብ ጨርቅ ጀርባ ላይ ይለጠፋል። ስፖርተኞች የሚለብሱት ሰውነት ላይ የሚጣበቅ ሰው ሠራሽ ቦዲ ይሻላል። ከዚያ በላይ የሱፍ ሹራብ። ሱፍ እርጥበት ቢነካውም የተወሰነ ሙቀት ይይዛል፤ የመንዝ ሰው ባናና በርኖስ ከበግ ፀጉር የሚሠራው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰልባጅ ተራ ስትሄዱ በዐይን ሳይሆን አንገትጌው ውስጥ ያለውን መለያ አንብባችሁ ግዙ፤ ሱፍ የሚመስል ግን ሙሉ በሙሉ ናይለን የሆነ ሹራብ ሞልቷል። ከሁሉም በላይ ንፋስ የማያሳልፍ ጃኬት ወይም የዝናብ ልብስ ይለበሳል።

ጃኬቱ ንፋስ ያስገባ እንደሆነ ለማወቅ ሻጩን አትጠይቁት። ጨርቁን አፋችሁ ላይ ገጥማችሁ በኃይል ንፉ። ትንፋሹ በወዲያኛው በኩል እጃችሁን ከነካው 60 ኪሎ ሜትር ላይ ምን እንደሚሆን አስቡት። የቆዳ ጃኬት ይህንን ፈተና ያልፋል፤ አብዛኛው የጂንስ ጃኬት ይወድቃል።

ገንዘብ ለጊዜው ከሌለ ጋዜጣ አለ። ከአራት እስከ ስድስት ገጽ አጥፋችሁ በሹራቡና በጃኬቱ መሃል፣ ከአንገት ሥር እስከ እምብርት አድርጉት። ብስክሌተኞች ቁልቁለት ሊወርዱ ሲሉ የሚያደርጉት የቆየ ዘዴ ነው። ላብ ሲያርሰው ስለሚበጣጠስ ለመልሱ ሌላ ያዙ። ፌስታልም ይሠራል፣ ግን ላብ አያስወጣም፤ ደረት ላይ ብቻ ይሁን እንጂ ዙሪያውን አትጠቅለሉበት።

ከዚያ ቀዳዳዎቹ አሉ። ሞተሩ ላይ ተቀምጣችሁ፣ እጃችሁን መሪው ላይ ዘርግታችሁ ራሳችሁን ተመልከቱ። ቆሞ ልክ የሆነ ጃኬት ሲቀመጡ ከወገብ ይሸሻል፣ እጅጌውም ከአንጓ ወደ ላይ ይሳባል። ንፋሱ የሚፈልገው ይህንን ሁለት ጣት ክፍተት ነው። የጓንቱ አፍ ረጅም ከሆነ እጅጌውን ወደ ውስጥ፣ አጭር ከሆነ እጅጌውን ከላይ አድርጋችሁ በላስቲክ ያዙት። ዝናብ ካለ ሁልጊዜ እጅጌው ከላይ ይሁን፤ አለዚያ ጓንታችሁ ውኃ መቅጃ ይሆናል። ለአንገት ከአሮጌ ፍሊስ ሱሪ የጭን በኩል 30 ሳንቲ ሜትር ቆርጣችሁ በጭንቅላት የሚጠልቅ ቱቦ አድርጉት። ሻርፕ ጫፍ አለው፤ ጫፍ ያለው ነገር ሁሉ ይፈታል፣ ይውለበለባል። ጋቢማ በፍጹም አይሆንም! ጋቢ ሲቀመጡ እንጂ ሞተር ላይ አይለበስም። አሽከርካሪውም ይሁን ከኋላ የተፈናጠጠው፣ የጋቢው ጫፍ ሰንሰለት ወይም የኋላ ጎማ ከያዘው ሰውየውን ይዞት ይወርዳል።

እጅን ለብቻው ላንሳው፤ ሌላው ቢበርድ ምቾት ነው የሚጓደለው፣ እጅ ሲደነዝዝ ግን ፍሬን ይጠፋል። በ60 ኪሎ ሜትር አንድ ሰከንድ ማለት 16 ሜትር ተኩል ያህል መንገድ ነው። የደነዘዘ ጣት ፍሬኑን ለማግኘት አንድ ሰከንድ ቢዘገይ ከፊታችሁ የገባው አህያ አይጠብቃችሁም።

ጣት የሚቀዘቅዘው በጓንት ማነስ ብቻ አይደለም። ደረትና ሆድ ሲበርዳቸው ሰውነት ለዋናው ክፍል ሙቀት ለመቆጠብ ወደ እጅና እግር የሚወስዱትን የደም ሥሮች ያጠብባል። ውድ ጓንት ገዝቶ ደረቱን ከፍቶ የሚነዳ ሰው ጓንቱን ይራገማል፤ ጥፋቱ የደረቱ ነው።

ጓንት ጠባብ አይሁን። ጣት ጫፍ ላይ ትንሽ ክፍተት ይኑር፤ የተጨነቀ ጣት ደም አያገኝም። በአንድ በጣም ወፍራም ጓንት ፈንታ ቀጭን የሱፍ ጓንት ከውስጥ፣ ንፋስ የማያሳልፍ ከውጭ ይሻላል። ሰፋ ያለ የዕቃ ማጠቢያ የጎማ ጓንት ከሱፉ በላይ ማጥለቅ መልክ የለውም፣ ግን ንፋስም ዝናብም ይመልሳል። መያዣው ላይ ሊያንሸራትት ስለሚችል ቆማችሁ ሞክሩት። በለበሳችሁት ጓንት ፍሬኑንና ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ጨምቃችሁ፣ ፍሬቻና ክላክስ ነክታችሁ እዩ፤ አንዱ ካስቸገረ ያ ጓንት ለዚያ ሞተር አይሆንም።

ከጓንት የበለጠ የሚጠቅመው ከጓንቱ ፊት የሚቆመው መከለያ ነው። የ5 ሊትር የዘይት ጄሪካን በደንብ አጥባችሁ ጎኑን ቁረጡ፤ ጥምዝ ያለው ማዕዘን በጣቶቹ ፊት እንዲሆን አድርጉት። ሁለት ቀዳዳ በስታችሁ አንዱን ከስፖኪዮው ዘንግ፣ ሌላውን ከመሪው ጋር በፕላስቲክ ማሰሪያ ወይም በሽቦ እሰሩት። የተቆረጠውን ጠርዝ በፕላስተር ሸፍኑት። ከዚያ መሪውን ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻው አዙሩ፦ የፍሬንና የነዳጅ ገመድ እንዳይነካ፣ የፍሬኑም እጀታ ሲጨመቅም ሲለቀቅም ነጻ እንዲሆን።

እጅ ገብቶ የሚቀመጥበት መሪው ላይ የሚታሰር ከረጢትም አለ። ማንኛውም ልብስ ሰፊ ከውጭ ሸራ፣ ከውስጥ የአሮጌ ብርድ ልብስ ቁራጭ አድርጎ ይሰፋዋል። ከሁሉም ዘዴ የሚያሞቀው ይሄ ነው፣ ሁለት አደጋ ግን አለው። አንደኛው አፉ ጠባብ ከሆነ ስትወድቁ እጃችሁ ውስጥ ይቀራል፤ ጓንት ለብሳችሁ በአንድ ጊዜ ሳብ ስታደርጉት መውጣት አለበት። ሁለተኛው የተንኮለኛ ነው፦ በፍጥነት ስትሄዱ ንፋሱ ጨርቁን ወደ ኋላ ገፍቶ የፊት ፍሬኑን በቀስታ ይጫነዋል። ፍሬኑ ይግላል፣ የፍሬኑ ሸራ ይበላል፣ የኋላው የፍሬን መብራታችሁም ሳይጠፋ ይሄዳል። መፍትሔው ከረጢቱን ከውስጥ የሚደግፍ ጠንካራ ነገር፣ ያው የጄሪካኑ ቁራጭ፣ ከእጀታው ፊት ማሰር ነው።

በኤሌክትሪክ የሚሞቅ መያዣ የሚያስብ ካለ፣ መጀመሪያ ሒሳቡን ይሥራ። 36 ዋት የሚበላ ጥንድ በ12 ቮልት 3 አምፔር ይስባል፤ ይህ እንደ ባጃጅ ቦክሰር ያለ ትንሽ ሞተር ፊት መብራት ያህል ተጨማሪ ሸክም ነው። በረጅም መንገድ ሞተሩ ጠንክሮ ሲዞር ሊችለው ይችላል፤ ከተማ ውስጥ እየቆሙ ሲሄዱ ግን ባትሪው ይወርዳል። ገመዱ ቁልፍ ሲጠፋ አብሮ በሚጠፋ መስመር፣ የ5 አምፔር ፊውዝ ታክሎበት ይገባ። የቀኙ መያዣ ከፕላስቲክ ቱቦ ላይ ስለሚቀመጥ ይሞቃል፤ የግራው ግን ባዶ ብረት ላይ ነውና ብረቱ ሙቀቱን ይጠጣበታል። ከግራው ሥር ሙቀት የማያሳልፍ ቴፕ ጠምጥሙ። የነዳጁ መያዣ ሲለቀቅ ራሱ ፈጥኖ መመለሱን ሳታረጋግጡ ደግሞ አትንቀሳቀሱ።

እግር ላይ የሚሠራው ስህተት ካልሲ መደራረብ ነው። ሁለት ካልሲ ጫማውን ካጠበበው አንድ ካልሲ ይሻላል። ጣቶቻችሁ ጫማ ውስጥ መንቀሳቀስ አለባቸው። ከአሮጌ ባና የጫማ ሶል ቆርጣችሁ ከሥር አንጥፉ፤ ሱሪው ከቦት ጫማው ላይ ይውረድ። ለጉልበት የዝናብ ሱሪ ይበቃል። ከፊት ባለው የእግር መከላከያ ብረት ላይ ሸራ የሚወጥሩም አሉ፣ ጥሩ ነው። ግን ሞተሩ በአየር የሚቀዘቅዝ ከሆነ የሲሊንደሩን ክንፎች አትሸፍኑ፤ እግራችሁን አሙቃችሁ ፒስተኑን ታስበላላችሁ።

የሄልሜት መስታወት በትንፋሽ ሲሸፈን ከውስጥ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ቀብታችሁ ይድረቅ፣ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ እስኪጠራ ወልውሉት። ቤንዚን አታስነኩት፣ ፕላስቲኩን ይሰነጥቀዋል። ጣርማበር ላይ ጉም ሲገጥማችሁ መስታወቱን ጣት ያህል ክፈቱ። ጉሙ ዝናብ ባይመስልም ልብስ ያረጥባልና የዝናብ ልብሱን ሳትገቡበት ልበሱት።

ምግብም ማገዶ ነው። በጥቅምት አንድ አጥንት የተባለው ለሥጋ ወዳጅ ብቻ አይደለም፤ ባዶ ሆድ የሚነዳ ሰው ቶሎ ይበርደዋል። የደብረ ብርሃን አረቄን ግን ሞተሩ ቆሞ እስኪያድር ተዉት። የሞቀ የሚመስለው ደሙ ወደ ቆዳ ስለሚወጣ ነው፤ ንፋሱም እዚያው ይቀበለዋል።

በየ40 ደቂቃው ቁሙ። ማርሽ መሳት፣ ፍሬቻ አብርቶ መርሳት፣ ሲናገሩ ምላስ መተሳሰር ብርዱ ወደ ውስጥ መዝለቁን ያሳያሉ። ሳይሞቃችሁ መንቀጥቀጡ ካቆመ ደግሞ ከባድ ነው፤ እዚያው ቤት ፈልጋችሁ ግቡ፣ እርጥቡን አውልቁ፣ ጣፋጭ ትኩስ ነገር ጠጡ፣ ጉዞው ይቅር። ለደነዘዘ እጅ ክንድን እንደ ወፍጮ ከ20 እስከ 30 ጊዜ ማሽከርከር ደሙን ወደ ጣት ይገፋዋል፣ ከዚያ ብብት ሥር። ማርሚታ (የጭስ ማውጫው) ላይ አታሙቁት። የደነዘዘ ጣት መቃጠሉን የሚያውቀው ቆዳው ከተላጠ በኋላ ነው። የረጠበ ጓንትም እዚያ ቢሰጣ ይኮማተራል፤ ቁርስ እስክትበሉ ድረስ ጃኬታችሁ ውስጥ ሆዳችሁ ላይ አድርጉት፣ ባይደርቅም ለብ ብሎ ይቆያችኋል።