ከወለምታ ያነሣኝ አምላክ

በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም፤ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከዳንኩ እመሰክራለሁ ብዬ ተስዬ ነበርና ስለቴን ለማድረስ ይህን እጽፋለሁ። ሐምሌ 5 ቀን፣ በጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል፣ ደብረ ብርሃን ላይ ከቅዳሴ ስመለስ የረጠበ ድንጋይ አንሸራትቶኝ ቀኝ እግሬን ክፉኛ ወለም አለኝ። ቤተሰቦቼ በቅንነት ወጌሻ ጠሩልኝ፤ ሲታሽ ግን እብጠቱ ባሰ፣ ቁርጭምጭሚቴም ጠቆረ። በማግስቱ የተነሣሁት ራጅ ስብራት እንደሌለ አሳየ፤ ሐኪሙም በውጭ በኩል ያለው ጅማት መጎዳቱን ነግሮኝ ወደ ፊዚዮቴራፒ ላከኝ።

እኔ የለመንኩት በአንድ ሌሊት መዳንን ነበር። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 3 ቅዱስ ጴጥሮስ ሽባውን በቀኝ እጁ ይዞ ሲያስነሣው ወዲያው የጸናው እግሩና ቁርጭምጭሚቱ ነውና፣ «ጌታ ሆይ፣ እኔንስ?» እያልኩ አለቅስ ነበር።

መልሱ በአንዲት ባለሙያ እጅ መጣልኝ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እግሬን ከልቤ ከፍ አድርጌ እንድተኛና በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ15 ደቂቃ ያህል እንድይዝበት አዘዘችኝ፤ መታሸትን ፈጽማ ከለከለችኝ። እብጠቱ ሲጎድል በአውራ ጣቴ አየር ላይ ፊደል እንድጽፍ ነገረችኝ። በመጀመሪያው ቀን ከ«ሀ» ተነሥቼ «መ» ላይ ስደርስ ሁለቱን ክብ ማዞር አቅቶኝ ላብ አጠመቀኝ። ከዚያ በላስቲክ መግፋት፣ ተረከዝ ማንሣት፣ በመጨረሻም በአንድ እግር መቆም ቀጠለ። ጅማት ሲጎዳ እግር አቋቋሙን የሚያውቅበት ስሜት ስለሚደክም፣ ሕመሙ ጠፋ ብሎ ይህን ልምምድ የተወ ሰው ዳግመኛ ወለም ሊለው እንደሚችል አስረዳችኝ፤ እኅቶቼና ወንድሞቼ፣ እባካችሁ ይህን አትናቁት።

ግድግዳ ይዤ በአንድ እግሬ ስቆም፣ በአንድ እግራቸው ቆመው የጸለዩት የቡልጋው ጻድቅ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ትዝ ይሉኝ ነበር። በጸሎታቸው እየተማጸንኩ 5 ሰከንድ የነበረው 30 ደረሰ፤ ግድግዳውንም ለቀቅኩ። የለመንኩት ፈውስ በየማለዳው ጥቂት በጥቂት እየተሰጠኝ መሆኑን ያስተዋልኩት ያን ጊዜ ነው።

ፍልሰታን በርጩማ ላይ ተቀምጬ አስቀደስኩ። በሰባተኛው ሳምንት፣ ነሐሴ 24 ቀን፣ በጻድቁ የዕረፍት በዓል፣ ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» እስኪል ድረስ ቆሜ አስቀደስኩ፤ ስሙ የተመሰገነ ይሁን! ወጥቼም ማንንም ሳልደገፍ በቀኝ እግሬ ቆሜ የግራ ጫማዬን አጠለቅኩ።