ካንዴላ ውስጥ የሚቀረው እርሳስ

ይህን ሳምንት ካንዴላ፣ ማለትም ሞተር ውስጥ ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ዕቃ፣ በማጽዳት አሳለፍኩት። የምሠራው ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ሴስና የሚባሉ የማብረር ትምህርት ቤት ትንንሽ አውሮፕላኖች በሚመላለሱበት አነስተኛ አየር ማረፊያ ነው። የተማሪ አውሮፕላን መሬት ላይ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ እየተንከባለለ፣ ተራ እየጠበቀ፣ ሞተሩ ዝግ ባለ ዙር እየሠራ። እርሳስ የተባለው ብረት ካንዴላው ላይ የሚጠራቀመው ያኔ ነው።

100 ኤልኤል የሚባለው የትንንሽ አውሮፕላኖች ቤንዚን በአንድ ሊትር እስከ 0.56 ግራም እርሳስ ይይዛል። እርሳሱ የሚጨመረው ነዳጁ ያለ ሥርዓት ፈንድቶ ሞተሩን እንዳያንኳኳ ነው። አብሮት ብሮሚን ያለበት ውሁድ ይገባል፤ ሥራው እርሳሱን በቀላሉ ወደሚተን ጨው ለውጦ በጭስ ማውጫው መሸኘት ነው። ለዚህ ግን ሙቀት ያስፈልጋል። የካንዴላው የሸክላ አፍንጫ በቂ ካልጋለ እርሳሱ እዚያው ይረጋና ጠንካራ ግራጫ ፍሬ ይሠራል። በሲሊንደሩ ላይ ከላይና ከታች ከሚገጠሙት ካንዴላዎች ይበልጥ የሚጎዱት የታችኞቹ ናቸው። ፍሬው ኤሌክትሮዶቹን፣ ብልጭታው የሚዘልባቸውን የብረት ጫፎች፣ ካገናኘ ብልጭታው ይጠፋል፤ አብራሪው ከመነሣቱ በፊት ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን ማግኔቶ ሲፈትሽ ሞተሩ መንገጫገጭ ይጀምራል።

ማውጣቱ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሁሉንም በአሸዋ መንፊያ ልገላግለው የሚል መካኒክ እርሳሱን ሳይነቅል ኤሌክትሮዱን ይበላዋል። እኔ መጀመሪያ ቅባቱን በማሟሟቻ አጥቤ አደርቃለሁ፤ ከዚያ በሚንቀጠቀጠው ቀጭን መሣሪያ ፍሬውን ከጎን ከጎኑ እሰብራለሁ። ሸክላውን ተደግፎ መፈልቀቅ ክልክል ነው፤ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ አየር ላይ ሳለን ይገለጣል። አሸዋው በመጨረሻ፣ ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ። ከእጅ የወደቀ ካንዴላ ደህና ቢመስልም ይጣላል፤ በዚህ አልደራደርም። ስገጥም ከታች የነበረውን ወደ ላይ አወጣለሁ። ፒስተን ላይ ደግሞ ኮስቲክ ሶዳ ፈጽሞ አይቀርብም፤ አሉሚኒየሙን ይበላዋልና።

ከሞተሩ በላይ የሚያሳስበኝ አቧራው ነው። አብሮኝ የሚሠራ፣ በቅርቡ የተቀጠረ የአገሬ ልጅ አለ። ጠረጴዛውን በኮምፕሬሰር አየር ሊነፋ ሲል እጁን ያዝኩት።

«ጋሼ፣ ትንሽ አቧራ እኮ ነው።»

«ቤትህ ገና የምትድህ ልጅ አለችህ። ይህ አቧራ በጫማህና በቱታህ ይዘኸው ትገባለህ፤ እሷ ደግሞ ወለሉን የነካችበትን እጅ አፏ ውስጥ ትከታለች።»

ዝም አለ፤ ከዚያ ቱቦውን አስቀመጠ። ለሕፃን አእምሮ ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የሚለው ይህንኑ ነው። ስለዚህ በእርጥብ ጨርቅ እንጠርጋለን፣ ጓንትና ጭንብል እናደርጋለን፣ ከምሳ በፊት እስከ ክርናችን በሳሙና እንታጠባለን፤ ቱታው አውሮፕላን በምንጠግንበት አዳራሽ፣ በሃንጋሩ፣ ያድራል። ያገለገለ ዘይትም ያው ነው፤ በፒስተኑ ቀለበቶች በኩል ሾልኮ የገባ እርሳስ አለበት።

ከሁሉ የሚሻለው እንዳይጠራቀም ማድረግ ነው። ሞተሩን የሠራው ላይካሚንግ የሚመክረው ቀላል ነገር ነው፦ ከማጥፋት በፊት የሞተሩን ዙር በደቂቃ ወደ 1800 ከፍ አድርጎ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ማቆየት፣ ከዚያ ወደ 1200 ግድም መልሶ ነዳጁን በመቁረጥ ማጥፋት። መሬት ላይም ከአየር ጋር የሚቀላቀለውን የቤንዚን ድርሻ ማሳነስ። ለአስተማሪዎቹ ደጋግሜ ነግሬአለሁ፤ የሚሰሙኝ አስተማሪዎች አውሮፕላን ሲመጣ ካንዴላው ያስታውቃል።

መኪናዎች በዓለም ዙሪያ ከእርሳስ ቤንዚን ተላቀዋል፤ የመጨረሻዋ አልጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2021 አቆመች። ብዙ የአገራችን ሰው በሚኖርበት በሳን ሆዜ ደግሞ፣ በሪድ ሂልቪው አየር ማረፊያ አቅራቢያ የሚያድጉ ልጆች ደም ውስጥ እርሳስ ከፍ ብሎ እንደተገኘ በዚያው ዓመት የወጣ ጥናት አሳየ፤ የአካባቢው አስተዳደር (ካውንቲው) ከጥር 2022 ጀምሮ የዚህን ቤንዚን ሽያጭ እዚያ አስቆመ። በመስከረም 2022 የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን እርሳስ የሌለበት፣ ኦክታኑ (ማንኳኳትን የመቋቋም ልኩ) 100 የሆነ ቤንዚን አጽድቋል፤ እርሳስ ያለበትን እስከ 2030 ለማስቀረትም ታቅዷል። እኛ ዘንድ እስካሁን ያለው የ100 ኤልኤል ታንክ ብቻ ነው። በሚቀጥለው የአየር ማረፊያው ስብሰባ ላይ ተነሥቼ የምጠይቀው፣ እርሳስ ለሌለበት ቤንዚን ሁለተኛው ታንክ መቼ እንደሚተከል ነው። አብሮኝ የሚሠራው የአገሬ ልጅም አብሬህ እመጣለሁ ብሎኛል።