ባሕር የማያየው ቦርከና

ክረምቱ ጠንክሯል፤ የወሎው ወንዝ ቦርከናም ደፍርሶ ድንጋይ እያንከባለለ ይወርዳል። በዚህ ሰሞን ካርታ ዘርግቼ መንገዱን ስከተል አመሻለሁ።

መነሻው ከደሴ በላይ፣ የኩታበር ከፍታ ነው። ያ ከፍታ ውሃ ይከፍላል። በምዕራብ ጎኑ የዘነበው በበሽሎ ወንዝ በኩል ዓባይ ገብቶ ሜዲትራኒያን ይደርሳል። በዚህኛው ጎን የወረደው ግን ከቦርከና ጋር አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም አፋር ምድር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። የአንድ ተራራ ዝናብ፣ አንዱ ባሕር ያያል፣ ሌላው በረሃ ላይ ፀሐይ ትጠጣዋለች።

ቦርከና ደሴን እንዳለፈ ገደል ለገደል ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። በሐረጎ ጠመዝማዛ የወረደ መንገደኛ ጆሮው ሲደፈን የቁልቁለቱን ልክ ያውቀዋል።

እኔን አብዝቶ የሚያስደንቀኝ ከኮምቦልቻ ወዲያ ያለው ነው። አፋር በምሥራቅ በኩል ቅርብ ሆኖ ሳለ ቦርከና ወደ ደቡብ ይታጠፋል። የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ሲሰነጣጠቅ ከዋናው ቁልቁለት በፊት አንድ ጠባብ ሸለቆ ሰምጦ ቀርቷል፤ በስተምሥራቁ ያለው የተራራ ሰንሰለት ውሃውን ያግደዋል። ስለዚህ ከ2,400 ሜትር በላይ ካለችው ደሴ እየተወረወረ የመጣው ወንዝ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ይከዳውና ሜዳው ላይ ይተኛል። ጨፋ ማለት ይህ ነው፤ ረግረጉ፣ ቄጠማው፣ ወፉ ሁሉ። ዛሬ ወደ ከሚሴ ስወርድ አረንጓዴነቱ ዓይኔን ሞላው። በበጋ ቆላው ሲደርቅ የአፋር፣ የኦሮሞና የአርጎባ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ይዘው የሚመጡት ወደዚህ ነው። ውሃው ሳይዘገይ ወደ አፋር ወርዶ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ሣር ከየት ይመጣ ነበር? ከዚያ ወዲያ ከጃራ ወንዝ ጋር ተገናኝቶ አዋሽ ይገባል።

የሚያንገበግበኝም ይኸው ሜዳ ነው። ደሴ ቆሻሻዋን በቦርከና ትሰዳለች። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ለዮሌና ወርቃ የተባሉት ጅረቶች የፋብሪካ ፍሳሽ ይዘው ይቀላቀሉታል። ፈጣን ወንዝ የተጣለበትን ጠራርጎ ይወስዳል፤ በጨፋ ግን ውሃው ስለሚተኛ ደለሉም፣ ደለሉ የተሸከመው መርዝም አብሮ ይተኛል። ያንን ከብት ይጠጣዋል፣ ሣሩም ይመጠዋል። ፍሳሹ ከፋብሪካው ግቢ ሳይወጣ እዚያው ይጣራ፤ ጨፋ ከደረሰ በኋላ ማን ይለቅመዋል?