የስኳር ኪኒኑ የቆመበት ምክንያት

ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወጣ ብሎ በሚገኝ የግል ክሊኒክ በጤና መኮንንነት እሠራለሁ። በሁዳዴ ጾም አንድ ረፋድ የብሎኬት ማምረቻ ዘበኛ የሆኑ አባት መጡ። «ዳገቱን ስጀምር ደረቴን ጨምድዶ ይይዘኛል፤ አረፍ ብዬ እንደገና ስራመድ ግን ይተወኛል» አሉ። ከኪሳቸው ያወጡት ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር በሽታ ኪኒን ነበር።

ወጣቱ የመድኃኒት ባለሙያችን ንባብ አይጠግብም። ኪኒኑን እንዳየ ወደ ክሊኒኩ ሐኪም ዞሮ «ዶክተር፣ ይህ ዛሬውኑ ይቁም፤ የልባቸውን መከላከያ እየዘጋባቸው ነው» አለ።

ነገሩን ከሜዳ አላመጣውም። ጃፓናዊው አኪኖሪ ኖማ በ1983 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በልብ ሕዋስ ሽፋን ላይ አንድ የፖታሲየም መተላለፊያ አገኘ። የሕዋሱ ጉልበት የሆነው ኤቲፒ ሲበዛ ይዘጋል፤ ደም አጥሮ ኤቲፒ ሲመነምን ይከፈታል። ያኔ ፖታሲየም ይወጣል፣ የኤሌክትሪክ ምቱ ያጥራል፣ የሚገባው ካልሲየም ይቀንሳል፤ ጡንቻው ሥራውን ቀንሶ ያለችውን ጉልበት ይቆጥባል። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ የውሾች ልብ የደም ሥር አራት ጊዜ ለአምስት አምስት ደቂቃ ተዘግቶ ሲከፈት፣ ቀጥሎ የመጣውን የ40 ደቂቃ መዘጋት እጅግ ባነሰ ጉዳት እንዳለፈው ታየ። በኋላ በተደረገ ሌላ ሙከራ ግን ግሊቤንክላማይድ የተሰጣቸው ውሾች ይህን ጥበቃ አጡ። ኪኒኑ በቆሽት ላይ ኢንሱሊን የሚያስወጣው የዚሁ ቤተሰብ መተላለፊያ በመዝጋት ነውና ልጁ የያዘው ክር የሚናቅ አይደለም።

ዶክተሯ ሰምታው ስታበቃ «የውሻውን ሰማሁ፤ በሰው ላይ የተደረጉት ጥናቶች ግን እርስ በርስ አልተስማሙም» አለችና ወደ ሰውዬው ዞረች።

«አባቴ፣ ኪኒኑን በስንት ሰዓት ይወስዳሉ?»

«ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ከጥበቃ ስወጣ።»

«ምግብስ?»

«ልጄ፣ ሁዳዴ አይደል? ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል አልቀምስም።»

ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሎ ነበር፤ ሁላችንም የልቡ ነው ብለናል። ጣታቸውን ወግተን ስንለካ ግን ስኳሩ ከልክ በታች ወርዶ 58 ሆነ። የስኳር ውኃ በብርጭቆ ስናቀርብላቸው «ሳይቀደስ?» ብለው ገፉት። ዶክተሯ «ለታመመ ሰው ይፈቀዳል፤ ኋላ የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ» ስትላቸው አማትበው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጨለጡት። እውነቱን ለመናገር ከሕክምናው ሁሉ የከበደን ይህች ብርጭቆ ናት።

የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራው (ኢሲጂ) ለውጥ አሳየ፤ አስፕሪን ሰጥተን ወደ ሆስፒታል ላክናቸው። ሕመሙ ሲራመዱ መተዉ ምናልባት ልብ ራሱን ሲያለማምድ ይሆናል፤ የጠበበው የደም ሥር ግን በመራመድ አይሰፋም።

የሪፈር ወረቀቱን ይሞላ የነበረው ልጅ ፈገግ አለና «ያው እንዳልኩት ኪኒኑ ቆመ» አለ።

«ቆመ» አለች ዶክተሯ፤ «ሳይበሉ በመውሰዳቸው ስኳራቸው ስለወረደ ነው ብለህ ጻፍ። የመተላለፊያውን ነገር ከሥሩ በአንድ መስመር ጨምርበት፤ የልብ ሐኪሙ ሌላ የስኳር መድኃኒት ሲመርጥ ያስብበት።»