ከኮሶ ቅጠል ውስጥ ፈንገስ ማውጣት፦ ደብረ ብርሃን ላይ የኦቶክሌቭ ጌጅን አትመኑ

ከወፍ ዋሻ ደን የመጣ የኮሶ ቅጠል አጋር (ፈንገስ የሚያድግበት የረጋ ምግብ) ላይ በተቀመጠ በሁለተኛው ቀን አረንጓዴ ሻጋታ ከለበሰ፣ ሻጋታው ከላዩ ሳይጠፋ የቀረ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። የምንፈልገው፣ ተክሉን ሳያሳምም ውስጡ የሚኖረው ፈንገስ አብዛኛውን ጊዜ ዘግየት ብሎ ከተቆረጠው ጠርዝ ነው ብቅ የሚለው። ከፈንገሱ ፀረ ባክቴሪያ ውህድ አገኘን ከማለት በፊት ይሄ ይጣራ።

ቅጠሉ በወረቀት ከረጢት ይምጣ፤ በፌስታል ከታፈነ ያልበውና ይሻግታል። በቧንቧ ውሃ ታጥቦ 70 በመቶ አልኮል ውስጥ 1 ደቂቃ፣ በግማሽ የተበረዘ በረኪና ውስጥ 3 ደቂቃ፣ እንደገና አልኮል ውስጥ 30 ሰከንድ ይቆይና በኦቶክሌቭ (ጀርምን በታመቀ እንፋሎት በሚገድል ዕቃ) በተቀቀለ ውሃ 3 ጊዜ ይለቅለቅ። በረኪናው አዲስ ይሁን፤ ከርሞ የቆየ ጉልበት የለውም። የኮሶ ቅጠል ጀርባው ጠጉራም ስለሆነ አየር ይይዛል፣ አረፋው ባለበት በረኪናው አይደርስም። አልኮሉ የሚቀድመው ለዚህ ነው። የመንዝ ጦስኝ ግን ቅጠሉ ደቃቅ በመሆኑ 3 ደቂቃ የውስጡንም ይገድላል፤ 1 ደቂቃ ይበቃዋል። ከመጨረሻው ማለቅለቂያ 100 ማይክሮሊትር ለብቻው አጋር ላይ አፍስሱ። እሱ ላይ ከበቀለ የዕለቱ ሥራ ይጣላል፣ ድርድር የለም።

አጋሩ ለ1 ሊትር የ200 ግራም ድንች ቅቅል ውሃ፣ 20 ግራም ዴክስትሮስ፣ 15 ግራም አጋርና ባክቴሪያ የሚከለክል 100 ሚሊግራም ክሎራምፌኒኮል ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደው ይህን በኦቶክሌቭ ሲቀቅል ነው። የግፊት ማሳያው ጌጅ 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ሲያሳይ ባሕር ጠለል ላይ 121 ዲግሪ ማለት ነው፤ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን ግን የውጭው አየር ግፊት ስለሚያንስ 116 አካባቢ ነው። 121 ለመድረስ ወደ 19 ፒኤስአይ ያስፈልጋል። ዕቃው ይህን ያህል ግፊት እንዲችል ካልተሠራ በጉልበት አትሞክሩት፤ በ121 የሚበቃውን 15 ደቂቃ ወደ 50 አስረዝሙት።

ከቅጠሉ ተለይቶ የወጣው ፈንገስ 100 ግራም ሩዝና 100 ሚሊሊትር ውሃ በተቀቀለበት ፍላስክ 3 ሳምንት ይደግ፤ ከዚያ በኢታይል አሲቴት (ውህዱን አሟሙቶ በሚያወጣ ፈሳሽ) ተነክሮ ይጣራና ከ40 ዲግሪ በታች ይትነን፤ የቀረው ባክቴሪያ ይገድል እንደሆነ ይሞከራል። ፈንገስ ያልተዘራበት ሩዝም በዚያው መንገድ ይለፍ፤ እሱም ባክቴሪያ ከገደለ ገዳዩ ፈንገሱ አይደለም። ደጋግመው ከሳህን ሳህን ሲያዛውሩት ውህዱን ማምረት የሚያቆም ፈንገስ ብዙ ነው። ስለዚህ ገና በመጀመሪያው ንጹሕ ዘር 20 በመቶ ግሊሰሪን ውስጥ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ አስቀምጡ፤ ያ ፍሪጅ ከሌለ ከአጋሩ ትንንሽ ቁራጭ ቆርጦ በተቀቀለ ውሃ ብልቃጥ ውስጥ ማቆየትም ይሠራል።