ኳሱ ገባ፣ መቺው ቀረ

ባለፈው የገና በዓል ከኦክላንድ የመጡት አጎቴ፣ አዘዞ አካባቢ ባለ ሜዳ ላይ ልጆች ሩሯን በቆልማማ ዱላ እየመቱ ሲራወጡ ቆመው ካዩ በኋላ፣ የቤዝቦል ተጫዋቹ ባሪ ቦንድስ በሳን ፍራንሲስኮ ከስታዲየሙ አጥር ባሻገር ወዳለው ባሕር ኳስ ሲልክ በዓይናቸው ማየታቸውን ነገሩኝ። «ጋሼ፣ መድኃኒት ይወስድ ነበር የሚባለው ሰው አይደለም እንዴ?» ብዬ ስጠይቃቸው ፊታቸው ተቀየረ። «አንተ ልጅ፣ እሱ ከዚያ በፊትም መቺ ነበር» አሉኝ። የሰውዬውን ታሪክ በቅጡ እንዳነብ ያነሳሳኝ ይህ መልሳቸው ነው። (ዓመታቱን የጻፍሁት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ቦንድስ የታዋቂው ተጫዋች የቦቢ ቦንድስ ልጅ ሲሆን፣ የክርስትና አባቱም ዝነኛው ዊሊ ሜይስ ነበሩ። በ1986 በፒትስበርግ ጀምሮ፣ በ1993 ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ጃያንትስ ተዛውሮ እስከ 2007 ተጫወተ። ሆም ረን የሚባለውን፣ ኳሱን ከሜዳው አጥር ውጪ የሚያሳርፈውን ምት 762 ጊዜ መታ፤ ከእነዚህም 73ቱን የመታው በ2001 ብቻ ነው። የዓመቱ ምርጥ ተጫዋችነትን ሽልማት 7 ጊዜ አግኝቷል።

እኔን የያዘኝ ግን በግንቦት 1998 የሆነው ነገር ነው። ጃያንትስ በመጨረሻው ዙር በአሪዞና ቡድን 8 ለ 6 እየተመራ፣ ሦስቱም ቤዞች (ሯጮች ነጥብ ለማግኘት የሚያልፉባቸው ማረፊያዎች) በሯጮቹ ተይዘው ሳለ፣ የመምታቱ ተራ የቦንድስ ሆነ። በቤዝቦል ወርዋሪው ሆን ብሎ አራት ኳስ ከመቺው አርቆ ከጣለ፣ መቺው ሳይመታ ወደ አንደኛው ቤዝ ይሄዳል፤ ቤዞቹ ሞልተው ከሆነ ግን እያንዳንዱ ሯጭ ወደ ፊት ስለሚገፋ፣ ይህን ማድረግ ለተጋጣሚ አንድ ነጥብ በነጻ እንደ መስጠት ነው። የአሪዞና አሰልጣኝ ይህንኑ አደረጉ። ቦንድስ ኳሱን ከሚነካ ነጥቡን መስጠት ይሻላል ብለው አሳለፉት፤ ቀጥሎ የመጣውን መቺ አስወጥተውም 8 ለ 7 አሸነፉ። ተጠራጣሪዎቹ አበረታች መድኃኒት ጀመረ የሚሉት ከዚያ የውድድር ዓመት በኋላ ነው፤ ከሰባቱ ሽልማቶች ሦስቱንም ያገኘው ከዚያ በፊት ነበር። እንግዲህ የአጎቴ ቃል እውነት ነው።

በ2003 ባልኮ በተባለው፣ አበረታች መድኃኒት በማከፋፈል በተጠረጠረው የካሊፎርኒያ ድርጅት ላይ በተከፈተው ምርመራ ቀርቦ የሰጠው ምስክርነት በኋላ በጋዜጣ ወጣ። የግል አሰልጣኙ የሰጡትን ፈሳሽና ቅባት መጠቀሙን፣ ነገር ግን ፈሳሹ የተልባ ዘይት፣ ቅባቱም ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚሆን መስሎት እንደ ነበር ተናግሯል። በእናቴ ቤት ተልባ የጾም ምግብ ነው፤ ቃሉን በእንዲህ ያለ ምስክርነት ውስጥ ሳገኘው ለጥቂት ጊዜ ማንበቤን አቆምሁ። በ2011 ፍትሕን በማደናቀፍ ጥፋተኛ ተባለ፤ በሐሰት ምስክርነት ክሶቹ ላይ ግን ፍርድ ሰጪዎቹ መስማማት አልቻሉም። የተፈረደበትም በ2015 በይግባኝ ተሻረ።

ሕግ ነጻ አድርጎታል፤ እኔ ግን ለሰውነቱ ያን ያህል የሚጠነቀቅ ሰው የሚቀባውን ነገር ሳያውቅ ቀረ ብዬ ለማመን አልቻልሁም። ሊጉም ቢሆን ስቴሮይድ የተባለውን አበረታች መድኃኒት ሲጠቀም የተያዘ ተጫዋችን ማገድ የጀመረው በ2005 ነው፤ እስከዚያ ድረስ በሆም ረኑ ሲደሰትና ሲያተርፍ ኖሯል። በዚህ መካከል የተጎዱት መድኃኒቱን ያልነኩት ናቸው። እዚህ ማራኪ ሰፈር ጠዋት ጠዋት ሲሮጡ የማያቸውን ወጣቶች ሳስብ ይህ ጉዳይ የሩቅ አገር ወሬ አይሆንብኝም። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ኋላ መሄዱ ነው፤ ማንም ያልጠረጠረውን የ1998ቱን ጨዋታ እንኳ ዛሬ ያለ ቅሬታ የሚያወሳው ሰው ጥቂት ነው።

በነሐሴ 2007 የቀድሞውን ባለ ክብረ ወሰን የሃንክ አሮንን 755 ሆም ረን ያለፈበት ኳስ በጨረታ ተሸጠ፤ ገዢውም የሕዝብ ድምፅ አሰብስቦ፣ አጠራጣሪነትን የሚያመለክት የኮከብ ምልክት አስቀርጾበት ኩፐርስታውን ላለው የቤዝቦል ቤተ መዘክር ሰጠው። መቺው ግን በዚያው ቤት ካለው የዝና አዳራሽ አልገባም፤ 75 በመቶ ድምፅ ሲያስፈልገው በ2022፣ በቤዝቦል ጸሐፊዎች ምርጫ በነበረው በአሥረኛውና በመጨረሻው ዕድሉ፣ 66 በመቶ አገኘ። እኔ ይግባ ባይ ነኝ፤ የተልባው ዘይት ምስክርነትም የ1998ቱም ጨዋታ ከስሙ ሥር አብረው ይጻፉ።

ይህንኑ ትናንት ማታ ደውዬ ለአጎቴ ነገርኋቸው። «ኮከቡን ሳይፍቁለትማ ምን ክብር አለው?» አሉኝ።